የአቤት ደንብ

ማናማ። ከምድር በታች ሁለተኛ ፎቅ።
ውጪ ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ አየሩ እርጥብ ጨርቅ፤
እኔ ግን ኮት ደርቤ ተቀምጫለሁ፣
ማሽኖቹ እንዳይግሉ እኔ እንቀጠቀጣለሁ።

ሥራዬ ድምፅ መስማት አይደለም፤ ድምፅ በዚህ አያልፍም፤
የራሱ ጎዳና አለው፣ እኔ ያንን አላይም።
በእኔ በኩል የሚያልፈው መልእክተኛው ነው፣
ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» የሚለው።

ሻጂ ነው ያስተማረኝ፣ የኬረላው ሰው፣
አሥር ዓመት ይህን ብርድ ቀድሞኝ የቀመሰው።
«ሁለት ደንብ አለ» አለኝ። «አሮጌውን የስልክ ሹሞች ጻፉት፤
ማዕረጉ ብዙ ነው፣ በር ጠባቂው ካልፈቀደ እግር አያነሳም።
አዲሱ ግን ደብዳቤ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ያነበዋል፦
ከእገሌ፣ ለእገሊት፣ በእነ እገሌ በኩል።»

ሳቅሁ። ሐርቡ ደብዳቤ የሚደርሰን እንዲሁ ነበር፣
በሾፌር እጅ፣ በጨው ነጋዴ እጅ ሲሻገር፤
የተቀበለ ሁሉ ስሙን ከላይ ይጭርበታል፣
መልሱም እጅ በእጅ፣ በመጣበት ይመለሳል።

መጀመሪያ ግብዣ ይሄዳል፦ «ላወራሽ ነው፤
የምችለው አነጋገር ይኸ፣ ይኸና ይኸ ነው፤
ምስልም አለኝ። ላንቺ የቱ ይመችሻል?»
መሀል ያለው «እየሞከርኩ ነው» ይላል፣ ጠሪው እንዳይሠጋ።
ቀጥሎ መቶ ሰማንያ፦ እየጠራ ነው።
ቀጥሎ ሁለት መቶ።
«ሁለት መቶ በእኛ አቤት ነው» አልኩት ሻጂን፤
ቃሏን ወደዳት፤ ሻይ ሲያቀብሉትም «አቤት» ይላል አሁን።
በዚህም አያበቃ፤ ጠሪው «ሰማሁሽ» ካላለ
ተጠሪው «አቤት… አቤት… አቤት» እያለ
ግማሽ ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ ይዘጋል።

ሐሙስ ሐሙስ፣ በእኛ አራት ሰዓት፣ በእነሱ አሥር፣
(ሌሊቱ አንድ ነው፤ የሚለያየን መቁጠር)
ከሪፋዕ አንድ ቤት ግብዣ ይነሳል፦ ከሙሐባ።
የሚሄደው ወደ አገሬ ነው፣ ወደ ባቲ፤ መጨረሻው ሰባ አንድ።
ሃያ ሁለት ሐሙስ። እየጠራ ነው። እየጠራ ነው።
ከዚያ ራሷ ትሰርዘዋለች።

ሙሐባ፣ በጆሮሽ የሚመላለሰው ያ ጢ…ት፣ ጢ…ት
ከባቲ አይመጣም።
ያንቺው ስልክ ነው የሚያሰማሽ፣
«እዚያ እየጠራ ነው» የምትል አንዲት መስመር ደርሳው፣ ሊያጽናናሽ።
እዚያ ቤት ምን እንደሚጮህ፣ የሚጮህ ነገር ስለመኖሩም
እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም።
ይህን ልነግርሽ አይፈቀድልኝም። ተላላኪ የያዘውን አያነብም ይባላል፤
እኔ ግን አነበብኩ።

በሃያ ሦስተኛው፣ ሁለት መቶ።
ሻጂ ብርጭቆውን ይዞ ሮጦ መጣ።
መልሱን ገለጥን፦ ድምፅ፣ እሺ። ምስል፣ ዜሮ።
ማን ይሆን ፊቱን የሸሸገው፣
ወይስ ቤቱን?
አርባ አንድ ደቂቃ።
ምን ተባለ? መንገዱ ሌላ ነው ብያለሁ።
ለቅሶም ይሁን ዝምታ እኛ ጋ የሚደርሰው ርዝመቱ ነው።
ስንብቱን የላከችው እሷ ነበረች።

በሚቀጥለው ሐሙስ አራት ሰዓት ሆነ፤ የለችም።
አራት ተኩል፤ የለችም። ኮቴን ቆለፍኩ።
ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድ ግብዣ ገባ፣
እንደ ልማዴ ከላይ ጀመርኩ፦ ለ… ሙሐባ።
*ለ* ነው የሚለው። ከሰባ አንድ። ምስልም ጨምሮ።
መቶ ሰማንያ።
እየጠራ ነው።
እየጠራ ነው።
ብድግ ብዬ ቆሜ ነበር፣ ሳላውቀው፣
ድምፅ በማያልፍበት ክፍል ውስጥ፣ ጮክ ብዬ፣
«አቤት!» አልኩ።

ሻጂ ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን አወጣ፤
«ማን ጠራህ?»